ማይክሮዶዚንግ ለደሴ ልጅ ምን ያደርግለታል?

ጠጥቶ የሚረብሽ ሰው ስናይ «አብሾ አለበት» እንላለን። በልማድ ነው የምንለው። አብሾ ግን እውነተኛ ነገር ነው። አንዳንድ የአብነት ተማሪዎች ትምህርቱ አልያዝ ሲላቸው «አእምሮ ይከፍታል» ብለው የሚወስዱት ነው። የሚዘጋጀው ከአስተናግር ነው፤ አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። በየአጥሩ ጥግና በየቆሻሻው ዳር የሚበቅለው፣ ነጭ አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው ተክል ነው። አብሾ የወሰደ ሰው መጠጥ እንዳይቀምስ ይነገረዋል። ከቀመሰ ይነሳበታል ይባላል።

አብሾን ያስታወሰኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። እረፍት ሲሆን ሐረጎን ወጥቶ ደሴ እኛ ቤት ይመጣል። ባለፈው ወር ቡና እየተፈላ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ፈረንጅ ኩሽናው ውስጥ ቆሞ ያወራል። በየሦስት ቀኑ በጣም ትንሽ ሳይኪዴሊክ፣ ማለትም አእምሮ የሚለውጥ ነገር፣ እንደሚወስድ፣ ይህም «ማይክሮዶዚንግ» እንደሚባል ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ጭንቀቱ ለቀቀው፣ ሥራው ተቃናለት፣ ከሚስቱ ጋር እንኳ በደንብ መነጋገር ጀመረ።

«እታለም፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከ2014 ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» አለ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ሁለተኛዋ ንግግሩ ናት። ደሴና ኮምቦልቻ ያየነውን እናውቃለን። በ2014 ከጥቅምት እስከ ኅዳር ጦርነቱ ቤታችን ገብቶ ነበር። ከዚያም በፊት ከሰሜን የተፈናቀለው ወገን ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ተጠልሎ ነበር። ዛሬ ቤት ተጠግኗል፣ ሱቅ ተከፍቷል። የሰው እንቅልፍ ግን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ በአንድ በጋ አይጠገንም። ስለዚህ «ትንሽ ወስደህ ሰላም ታገኛለህ» የሚል ወሬ ሲመጣ ጆሮ የሚሰጠው ሰው ቢበዛ አይገርመኝም። «አብሽር፣ አንብቤ እነግርሃለሁ» አልኩት። ያነበብኩት ይኸው። ከ2014 በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሳይኪዴሊክ የሚባሉት ሐሳብን፣ ስሜትንና የምናይ የምንሰማበትን መንገድ ለሰዓታት የሚለውጡ ንጥረ ነገሮች ናቸው። የሁለቱ ስም ደጋግሞ ይነሳል። አንዱ ኤል.ኤስ.ዲ ነው። አልበርት ሆፍማን የተባለ የስዊዘርላንድ ኬሚስት በ1938 ሠራው። በ1943 ደግሞ 250 ማይክሮግራም ራሱ ላይ ሞከረ። ትንሽ መጠን መስሎት ነበር። በብስክሌት ወደ ቤቱ ሲሄድ ዓለም ተገለባበጠችበት። ሁለተኛው ሲሎሲቢን ነው፤ በአንዳንድ የእንጉዳይ ዝርያዎች ውስጥ ይገኛል።

ማይክሮዶዚንግ ማለት ሰው እንዲህ ከሚገለባበጥበት መጠን አንድ አሥረኛውን ወይም አንድ ሃያኛውን ወስዶ ወደ ሥራው መሄድ ነው። ምንም ነገር አይታየውም፣ አይሰማውም። ጥቅሙ ውስጥ ውስጡን ይመጣል ነው የሚባለው። ነገሩን በሰፊው ያስተዋወቀው ጄምስ ፋዲማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። በ2011 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ቀን ወስዶ ሁለት ቀን መተውን አስተማረ። ከዚያ በኋላ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ሠራተኞች መካከል ተዛመተ። ዛሬ ደግሞ ኮምቦልቻ ያለ ልጅ ስልክ ላይ ደርሷል።

እውነት ይሠራል ወይ? እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንሂድ።

በ2022 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ማይክሮዶዝ የሚያደርጉ 953 ሰዎችን ከማያደርጉ 180 ሰዎች ጋር ለአንድ ወር ያህል አነጻጽሯል። የሚያደርጉት በስሜትም በአእምሮ ጤናም ሻል ብለው ተገኙ። ቪዲዮዎቹ የሚጠቅሱት እንዲህ ያለውን ነው። ግን ሁሉም ሰው ምን እየወሰደ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ይጠቅመኛል ብሎ የጀመረ ሰው «ጠቀመህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ከተስፋው አይለይም።

ይህን ለመለየት የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች አንድ ብልሃት አመጡ። እኔን በጣም የማረከኝ እሱ ነው። ራሳቸው ምንም አላደሉም። ማይክሮዶዝ ለማድረግ ቀድመው የወሰኑ ሰዎችን በኢንተርኔት አገኟቸው። እያንዳንዱ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የራሱን መጠን ውስጡ በማይታይ እንክብል ከተተ። ሌሎቹን እንክብሎች ባዶ ተዋቸው። ሁሉንም መለያ ኮድ ባለባቸው ፖስታዎች አሽጎ ደባለቀ፣ እንደ ዕጣም አወጣ። ለአራት ሳምንት የዋጠው እውነተኛው ይሁን ባዶው ራሱም አያውቅም። የሚያውቀው ኮዱ ብቻ ነው። 191 ሰዎች ጨረሱ። ውጤቱ በ2021 ታተመ።

የወሰዱት ሰዎች በእርግጥ ተሻላቸው። ስሜታቸው ተረጋጋ፣ በሕይወታቸው የሚሰማቸው እርካታ ጨመረ። ባዶውን የዋጡትም ተሻላቸው። በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ከዚህ ይልቅ ውጤቱን የወሰነው ሰውየው «እውነተኛውን ነው የዋጥኩት» ብሎ መገመቱ ነበር።

ሌሎችም ሞክረዋል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ 56 ሰዎች በየጥቂት ቀኑ አራት ጊዜ ትንንሽ የኤል.ኤስ.ዲ መጠን ወይም ባዶ ተሰጣቸው። ስሜታቸውም የአእምሮ ብቃታቸውም አልተሻሻለም። በአርጀንቲና 34 ሰዎች በእንጉዳዩ ተፈተኑ፤ ተመሳሳይ ነው። ለነገሩ ፍትሐዊ ለመሆን የኒውዚላንዱን ልጨምር። እዚያ 80 ጤነኛ ወንዶች በየሦስት ቀኑ ኤል.ኤስ.ዲ ወይም ባዶ ወሰዱ። ኤል.ኤስ.ዲ የደረሳቸው በወሰዱበት ቀን ጉልበትና ደስታ ተሰምቷቸዋል። ጥሩ ስሜቱ ግን ወደ ቀጣዩ ቀን አልተሻገረም። አራቱ ደግሞ ጭንቀት ይዟቸው አቋረጡ። ጭንቀት ለመሸሽ ይህን ነገር የሚያስብ ሰው ይህችን ልብ ይበላት።

«ታዲያ ሆስፒታል ውስጥ ለድባቴ እየሰጡት ነው የሚባለውስ?» አለኝ የአክስቴ ልጅ በስልክ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱ ነገሮች ሁሌ ይምታታሉ። ሆስፒታል ውስጥ የሚሞከረው ትንሹ ሳይሆን ትልቁ መጠን ነው። በ2022 የታተመ ጥናት መድኃኒት አልበግር ያለው ድባቴ ላለባቸው 233 ሰዎች ሲሎሲቢን ሰጥቷል። አንዳንዶቹ 25 ሚሊግራም፣ አንዳንዶቹ 10፣ አንዳንዶቹ 1 ሚሊግራም ብቻ ወሰዱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ 25 የወሰዱት ከ1 ሚሊግራሞቹ በግልጽ ተሽለው ተገኙ። ያቺ 1 ሚሊግራም እዚያ ጥናት ውስጥ የገባችው እንደ ማነጻጸሪያ፣ ብዙም አትሠራም ተብላ ነው። ማይክሮዶዝ የሚባለው መጠን እሷን መሳይ ነው።

ትልቁ መጠንም ቢሆን ተሰጥቶ «ሂድ» አይባልም። አስቀድሞ ከባለሙያ ጋር ተደጋጋሚ ንግግር አለ። በዕለቱ ሰውየው ተጋድሞ ለስድስት ለስምንት ሰዓት የሠለጠነ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። በኋላም ስላየውና ስለተሰማው ይነጋገራሉ። አውስትራሊያ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ የፈቀደችውም በተፈቀደላቸው የአእምሮ ሐኪሞች እጅ ብቻ ነው። ይህን ሳነብ አንድ ነገር አሰብኩ። ስንቶቻችን ነን በሕይወታችን አንድ ቀን ሙሉ ሰው አጠገባችን ተቀምጦ ያዳመጠን?

የባዶውን እንክብል ነገር ብዙ ሰው እንደ ማታለል ያየዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። በ2010 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የአንጀት ሕመም ላለባቸው 80 ሰዎች ነገሩን በግልጽ ነገሯቸው። «ይሄ ክኒን ውስጡ መድኃኒት የለውም» አሏቸው። ክኒኑን የወሰዱት ከማይወስዱት ይበልጥ ተሻላቸው። በሽታቸው ውሸት ስለሆነ አይደለም። ራሴን ልርዳ ብሎ መነሳት፣ ሰዓት ጠብቆ አንድ ነገር ማድረግ፣ ተከታትሎ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ራሱ ሰውነት ላይ ይሠራል። የለንደኖቹም ሰዎች ለአራት ሳምንት ስሜታቸውን ይከታተሉ፣ ይመዘግቡ ነበር። ዛሬ እንዴት አደርኩ? ማን አስቆጣኝ? ምን ደስ አለኝ? ብዙዎቻችን ይህን ለአራት ሳምንት ይቅርና ለአራት ቀን አድርገነው አናውቅም። እንደኔ እምነት ከማይክሮዶዚንግ ዝና ትልቁ ድርሻ የዚህ ነው።

አደጋውን ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የወርቅ ቤት ሚዛን እንኳ የግራም አንድ መቶኛን ነው የሚለየው፤ እሱ ራሱ 10,000 ማይክሮግራም ነው። የእንጉዳዩ ኃይል ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። በ2024 አሜሪካ ውስጥ «ማይክሮዶዝ» ተብሎ የተሸጠ ቸኮላት ከ100 በላይ ሰዎችን አሳምሟል። በርካቶቹ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሲመረመር ማሸጊያው ላይ ያልተጻፉ ንጥረ ነገሮች ተገኙበት። የላቦራቶሪ ብዛት ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ በእጅ በእጅ የሚመጣ ነገር ምን እንደያዘ ማን ያውቃል?

በቤተሰቡ ውስጥ የአእምሮ መታወክ የታየበት ሰው፣ ስሜቱ ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚል ሰው፣ ሊቲየም ወይም የድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉዳቱ ሊብስበት ይችላል። ሊቲየም ከሳይኪዴሊክ ጋር ሲገናኝ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ለወራት ደጋግሞ መውሰድ የልብ በሮችን ይጎዳ ይሆናል የሚል ስጋትም አለ። ንጥረ ነገሮቹ ልብ ላይ የሚነኩት ቦታ በ1997 ከገበያ የወጣው የውፍረት መቀነሻ ፌንፍሉራሚን የነካውን ነው። ደግሞ እባካችሁ፣ ጦሳ ላይ ክረምት ሲገባ የሚበቅለውን የጅብ ጥላ «ይሄ ይሆን?» ብሎ የሚሞክር ሰው እንዳይኖር። ጉበት የሚያበላሹ እንጉዳዮች አሉ። ምልክታቸው የሚታየው ከሰዓታት በኋላ፣ ጉዳቱ ከጀመረ ወዲያ ነው። አስተናግርም ያው ነው። ውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን ከተክል ተክል፣ ከፍሬ ፍሬ ይለያያሉ። ትናንት ለአንዱ ምንም ያላለው መጠን ዛሬ ሌላውን ያሳብዳል፣ ይገድላልም።

ሕጉ አጭር ነው። ኤል.ኤስ.ዲና ሲሎሲቢን በ1971 የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ናቸው። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ናት። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 ማዘዋወሩም መጠቀሙም ያስጠይቃል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። የአክስቴ ልጅ ስለ ማይክሮዶዝ ሲጠይቀኝ ጉንጩ ባዶ አልነበረም። የሌሊት ፈረቃ ሲሆን ጫት ይቅማል። እንዲያነቃው ነው። ጠዋት ደግሞ መተኛት አቅቶት ይገላበጣል። ትንሽ ሸለብ ሲያደርገው ዱካክ ይመጣበታል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ዑደት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አሠራሩ የአምፌታሚን ዓይነት ነው። ያነቃል፣ ልብ ያስመታል፣ ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። የ2014ቱ ትዝታ ያለበት ሰው ላይ እንቅልፍ ማጣት ሲጨመር ጭንቀቱ ይጠነክራል። ጭንቀቱን ለመርሳት ደግሞ ይቃማል። ምርቃናውን ለመስበር አንዳንዱ ጨብሲ ይላል። በዚህ ሁሉ ላይ ሦስተኛ ነገር መጨመር ምን ይፈታል? «መጀመሪያ ከሌሊቱ ጫት ላይ ግማሹን ቀንስና እንቅልፍህን እንየው» ያልኩት ለዚህ ነው።

ጫትን ለማውገዝ አይደለም የተነሳሁት። በወሎ ሽማግሌዎች ዘንድ ጫት ሰዓት ነበረው፣ ሰው ነበረው፣ ምክንያት ነበረው። ዱዓ ሊደረግ ይቀመጣሉ። ዕጣን ይጨሳል፣ ቡናው እስከ በረካ ይሄዳል፣ መንዙማ ይባላል። የታመመ ካለ ይነሳል፣ የተጣላ ካለ ይታረቃል። ዛሬ ልጁ ብቻውን ከስልኩ ጋር ነው የሚቅመው። ቅጠሉ ያው ነው፤ ዙሪያው ግን የለም።

በእንጉዳዩም የሆነው ይኸው ነው። በሜክሲኮ ኦአሃካ ግዛት፣ ኡአውትላ በምትባል ተራራማ ከተማ፣ ማሪያ ሳቢና የተባለች የማሳቴክ ባህል ፈዋሽ ነበረች። እንጉዳዩን የምትጠቀመው የታመመ ሰው ሲመጣባት፣ ሌሊት፣ እየዘመረች ነበር። በ1955 አንድ አሜሪካዊ የባንክ ሰው መጥቶ አብሯት አደረ። በ1957 ያየውን በታዋቂ መጽሔት ላይ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የውጭ ሰው ወደ ከተማዋ ጎረፈ፣ ፖሊስም ተከተለ። ቤቷም ተቃጠለ። ፈላጊዎቹ እንጉዳዩን ይዘው ሄዱ። ሌሊቱን፣ ዜማውንና አጠገብ የሚያድረውን ሰው ግን እዚያው ተዉት። አሁን ተመራማሪዎቹ በሆስፒታል ክፍል ውስጥ ሶፋ ዘርግተው፣ ሙዚቃ ከፍተው፣ ሰው አስቀምጠው ሊመልሱት የሚሞክሩት ያንን የተተወውን ይመስለኛል።

አንድ ሌላ ጥናት አለ። ምንም ንጥረ ነገር የለበትም። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በአገሩ የሐኪም እጥረት ሲጨንቀው ወደ አያቶች ሄደ። በሐራሬ ጤና ጣቢያዎች ውስጥ የሚያገለግሉ እናቶች ሠለጠኑ። ውጭ የእንጨት አግዳሚ ተሠራላቸው። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ችግሩን ይዘረዝራል። ከብዙው ችግር አንዱን መርጠው ለሱ መላ ይፈልጋሉ። እስከ ስድስት ጊዜ ይገናኛሉ። በ2016 የታተመው ጥናት 573 ሰዎችን ተከትሏል። ከስድስት ወር በኋላ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት የድባቴና የጭንቀት ምልክታቸው ከሌሎቹ በግልጽ ቀንሶ ተገኘ።

ይህን ሳነብ የሰፈራችን ቅሬ፣ ሌላው ዕድር የሚለው፣ ትዝ አለኝ። ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይል ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ይቀመጣል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ለሞት እንዲህ እናውቅበታለን። ሳይሞት ለተሰበረው ግን ድንኳን የለንም። የቅሬ ዳኛው ወይም አንዲት ሰው የምታከብራት እናት ጥቂት ሠልጥነው «ልጄ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁ ምን ያህል ሰው በሩን ይከፍት ነበር? የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍል እዚሁ ደሴ አለ። ማሠልጠን የሚችል ሰው ሩቅ አይደለም። ይህ ሐሳብ ሆኖ እንዳይቀር እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው የቅሬያችን ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ።

ለአክስቴ ልጅ ግን ያን ሁሉ መጠበቅ የለበትም። አንድ ደብተር ገዛሁለት። የለንደኖቹን ሥራ ያለ እንክብሉ ሥራው አልኩት። ስንት ሰዓት ተኛህ፣ ስንት ሰዓት ነቃህ፣ ምን ቃምክ፣ ምን አየህ፣ ከማን ጋር አወራህ። መጀመሪያ ሳቀ። ሦስት ሳምንት ሆነው። ባለፈው ቅዳሜ ቡናው ላይ አውጥቶ አነበበልኝ። አሥራ አንዱ ሌሊት ላይ «ያው ሕልም» ብሎ ጽፏል። ሕልሙን ግን ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር። ያን ቀን እስከ በረካ ድረስ ነገረኝ፤ እናቴም ሰምታ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። አራት ዓመት ሙሉ የሚመላለስ ሕልም ማዳመጥ ብቻውን ላይበቃው ይችላል። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እዚያ የሚሄደው «ያበደ» ብቻ ይመስለው ስለነበር ለመቀበል ጊዜ ፈጀበት። ማክሰኞ የማታ ፈረቃ ስለሆነ ጠዋት ካርድ እናወጣለን። ደብተሩን ይዞ ይመጣል።